የትውውቁ ክፍለ ጊዜ

ጠጋ በሉና ስሙኝ ልጆቼ። ሸርና የምትባል ወጣት ከጃማይካ ጃፓን ገብታ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር፤ በየክፍሉ እየዞረች፣ የአባቷን ፎቶ ሰሌዳ ላይ ለጥፋ ራሷንና ቤተሰቧን ታስተዋውቃለች። ያን ዕለት ጠዋት አባቷ ማረፉን በስልክ ሰምታ፣ ለማንም ሳትተነፍስ ክፍል ገባች።

«ቲቸር፣ አባትዎ የሱሞ ታጋይ ናቸው እንዴ? ሆዳቸውን እዩልኝ!» ብሎ አንዱ ክፍሉን አሳቀው።

«ዓሣ አጥማጅ ነው። ያጠመደውን ግን ራሱ ይጨርሰዋል» አለች እንደ ወትሮዋ።

«እኛን ሊያዩ ይመጣሉ?» አለች ከፊት የተቀመጠችው ሚኦ።

ሸርና የፎቶውን ጠርዝ በጣቷ ዳበሰችው። «ይመጣል፤ በጸደይ፣ የቼሪው ዛፍ አበባ ሲፈነዳ።»

ልጆቹ ደስ ብሏቸው ብድግ አሉና ለፎቶው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እሷም አብራቸው ጎንበስ አለች፤ ቀና ማለት ግን አቃታት።

አደራ፣ ሸርናን አንዳንዴ አስቧት።