ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በጽሕፈትና ኮፒ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እዚያው የምትሠራው ጸሐፊ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ እና ወንድምየው ከመንገድ ጎትቶ ያመጣው የኮምፒውተር ጠጋኝ። ወንድምየውን ሰፈሩ «ሊቀ መንበሩ» ይለዋል። በአንድ ወቅት የነጋዴዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር፤ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ሹመቱ ግን ከትከሻው አልወርድ አለ።

«ንቀልልኝ!» አለ፣ ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር በአገጩ እያሳየ።

ጠጋኙ ቦርሳውን ሳይከፍት ጸሐፊዋን አያት።

«ምኑን ነው የሚነቅልልዎት፣ ጋሼ?» አለች፣ ከኮፒ ማሽኑ ወረቀት እየሰበሰበች። ጸሐፊዋ ይህን ሰው አንቱ ስትለው አንቱታዋ ከስድብ ይከፋል።

«ያንን ፕሮግራም ነዋ! ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና የዋህ ነበር፤ የነገሩትን ሁሉ ያምናል። አንቺ ምን ነካሽ?»

ፕሮግራሙን የጫነው ባሏ ነው፤ ሐኪሞቹ የሳንባውን ነገር በነገሩት ሰሞን። ደንበኛ ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ፣ ተመራማሪዎች ከትልቅ ስሌታቸው ቆርሰው የሚልኩትን በኢንተርኔት ይቀበላል፤ አስልቶም ይመልሳል። በየአገሩ የማያውቃቸው ሰዎች ኮምፒውተሮችም እንደዚሁ ያደርጋሉ። የሚፈለገው የዚያው የሳንባ በሽታ መድኃኒት ነው። ለእሱ አልደረሰለትም። ኮምፒውተሩ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት ስታበራው፣ ስሙ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል፣ ባሏ ከእሷ ቀድሞ ሥራ የገባ ይመስላታል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቤቱም መብራቱም የሊቀ መንበሩ ስለሆነ፣ ይነቀል ካለ ይነቀላል።

«መብራቴን ይበላል» አለ።

«ይበላል። አይበላም አልልዎትም። ለዚህ ነው ስወጣ የማጠፋው። በጠራራ ፀሐይ በሱቅዎ በር ላይ የሚንቦገቦገው ማስታወቂያስ? ፀሐይዋ መንገድ እንዳትስት ነው?»

ጠጋኙን ሳል ያዘው።

«ይሰልላል ደግሞ! ይህ የሰው ምስጢር የሚጻፍበት ቤት ነው።»

«የተላከለትን ስሌት እንጂ የደንበኛ ጽሑፍ አይነካም።»

«ልክ ናት» አለ ጠጋኙ። «ፕሮግራሙ ከተመራማሪዎቹ ከራሳቸው ድረ ገጽ ላይ እስከወረደ ድረስ…»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«የጎረቤታችን የፍቺ ማመልከቻ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ከርሟል» አለች ጸሐፊዋ። «በፕሮግራሙ አፍ ግን አይደለም። ስጽፈው ከጀርባዬ ቆመው ያነበቡት እርስዎ ነዎት።»

ሊቀ መንበሩ ተሸንፎ አያውቅም፤ የተሸነፈበትን ትቶ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል።

«አንቺ በነጻ ትለፊ፣ ሌላው ይክበርበት።»

«እነዚህ ተመራማሪዎች ያገኙትን ለሁሉም በግልጽ ያወጡታል። እርስዎም መውሰድ ይችላሉ፤ ከገባዎት።»

«እሺ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ምን ጠብ ያደርጋል?»

«በየስብሰባው ‹ድር ቢያብር› እያሉ ጆሯችንን ያደነቆሩት ማን ነበሩ?»

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ስክሪኑ ጠቆረ። ሲያጓራ የነበረው ኮምፒውተር ጸጥ አለ።

«ይኸው!» ሊቀ መንበሩ እጁን አጨበጨበ። «አላልኩም? አቃጠለው! ያ ፕሮግራም አቃጠለው!»

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አስቀምጣ ወደ ጥጉ ሄደችና እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፈች። እንደ ምድጃ ይፋጃል። እጇ ያረፈው ግን በብረቱ ላይ አልነበረም፤ በዳንቴል ላይ ነው። ያውም ሁለት ጊዜ ታጥፎ ከኋላ እስከ ታች የወረደ፣ ጫፉ አበባ የተሠራበት ዳንቴል።

«ይህን ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኛ! ጠዋት አቧራ ላዩ ላይ አየሁ። ባለቤቴ የሠራችው ነው። ዕቃ ይከበራል።»

«የሚተነፍሰው እኮ በጀርባው ነው፣ ጋሼ» አለ ጠጋኙ ወደ መሬት እያየ። «ሲሞቅበት ራሱን አጠፋ።»

«ሰውን በብርድ ልብስ አፍነው ገድለው፣ ‹ላብ ገደለው› ብለው ያልቅሱ!» አለች ጸሐፊዋ። ዳንቴሉን ገፍፋ ወረወረችለት። ደረቱ ላይ አረፈ።

ጠጋኙ ትንሽ አቀዝቅዞ ቁልፉን ተጫነ። ኮምፒውተሩ አጓራ፤ ፕሮግራሙም ካቆመበት ቀጠለ። ስሌት የሚያዋጡት ሰዎች በሥራቸው ብዛት ከላይ ወደ ታች የሚሰለፉበት ገጽ ተከፈተ። ከመካከላቸው አንዱ ስም ደመቅ ብሏል፤ «ጭምቱ» ይላል።

ሊቀ መንበሩ ጎንበስ አለ። «ጭምቱ… ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ልጆች ሳለን።»

ጣቱ ስሙ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ አንድ መስመር ወደ ላይ ወጣ።

«ይህ ከላዩ የተቀመጠውስ ማነው? ‹ድንቹ›? ድንቹ ማነው?»

«የማናውቀው ሰው ነው» አለች። «ኮምፒውተሩ ብዙ ቢሠራለት ነው።»

«የኔ ወንድም? ከድንች በታች?»

ጸሐፊዋ ምላሷ ላይ የተሳለ ስድብ ነበራት። ዓይኑን አይታ ዋጠችው።

«ይነቀል ታዲያ፣ ጋሼ?»

ሊቀ መንበሩ ዳንቴሉን አጣጥፎ ብብቱ ሥር አደረገና ወጣ።

ሰኞ ጠዋት የራሱን ኮምፒውተር ከቤቱ ተሸክሞ መጣና ከወንድሙ ኮምፒውተር አጠገብ አስቀመጠው። «ፕሮግራሙን በጭምቱ ስም ጫኝበት» አለ። ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሶ ነበር።