የአባቦራ አጥር

ለጢፋ ጥቁር ጨርቅ የለበሰውን የወንፊት ሳጥን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛለች።

«ጓድ ለጢፋ፣ ልቀቂው እንጂ!» ይላል የሰብል ተባይ ምርምር ክፍሉ ኃላፊ ዓለምብርሃን። «ሦስት ወር ሙሉ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ስትጠብቂ ከረምሽ። ውስጡ ያሉት ትሎች ሞተዋል። አገዳ ቆርቁር በየዓመቱ ከቆላ በነፋስ ይመጣል ብዬ ዛሬ ሪፖርቱን እዘጋለሁ።»

«አንዴ ገልጠን እንይ፤ ከዚያ ይውሰዱት።»

ግትር ናት፤ ግን ግትርነቷ ከሜዳ አልተነሣም፤ ትሉ በደረቅ አገዳ ውስጥ ተኝቶ በጋውን ያልፋል ባይ ናት። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ተሳስታለች። ትሎቹ እንዳይሻግቱባት ብላ ጠብታ ውሃ አላስነካቸውም ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን፣ ያኔ አገዳውን ከሰርቦ በአህያ ጭነው ያመጡላት ገበሬ አባቦራ አይተው ሳቁባት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በዚህ አገር ዝናብ ሳይነካው የሚነቃ ምን አለ?» እሳቸው ከበር ሳይወጡ ውሃ ቀዳች። በየቀኑ ስታርከፈክፍ ትሎቹ ቡናማ ቅርፊት ለበሱ። ዓለምብርሃን አይቶ፣ «እሱማ ከፈናቸው ነው» አላት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አባቦራም ገበያ ሲወጡ ጎራ ብለው በሩ ላይ ቆመዋል።

ለጢፋ ጨርቁን ገለጠችው።

አራት የእሳት ራቶች ወንፊቱ ላይ ተለጥፈዋል። ባዶ ቅርፊታቸው ከአገዳው ቀዳዳ ብቅ እንዳለ ቀርቷል።

«እሰይ!» ለጢፋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ጓድ ዓለምብርሃን፣ እነዚህንስ ነፋስ በየት በኩል አስገባቸው?»

ዓለምብርሃን ወንፊቱን ዞሮ ዞሮ አየና ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። እሱም ሳቀ። ደግ ነው፣ መሸነፍ ያውቅበታል።

አባቦራ ብቻ አልሳቁም። «ይኼ እኔ ያመጣሁት አገዳ ነው?»

«አዎ አባ፣ ከአጥርዎ የነቀሉልኝ።»

«ከአጥሬ... ያ ረቢ!» ስንት ዓመት አዝመራ በገባ ቁጥር አገዳውን በገዛ እጃቸው ቤታቸው ዙሪያ አቁመው አስረዋል። ስንት ዓመት በቆሎአቸው በትሉ ተበልቶ የቆላውን ነፋስ ረግመዋል።

በመስኮቱ ወደ ሰርቦ አዩ። የየካቲት ደመና ጠቁሮ ተቀምጧል።

«ሳይዘንብ አጥሬ ጋ ልድረስ» አሉ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ። «ክብሪት አለሽ፣ ልጄ?»