ቀትር ላይ የሚረጥብ ግድግዳ

ክፍሌ ድሮም ቁጡ ነበር፤ በ1950 ዓ.ም. ግን ቁጣው ዕረፍት አጣ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አንድ የጨርቅ ነጋዴ ባለ ፎቅ ቤት ያሠራል፣ ክፍሌ ዋና ግንበኛ ነው። ሥራውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ፣ ሙሴ ኮስታ የሚሉት ግሪክ፣ ይህ ቤት በደህና ካለቀ ቀጥሎ የሚሠራውን ትልቅ ትምህርት ቤት ለክፍሌ ሊሰጠው ቃል ገብቷል። ክፍሌ ሃያ ስድስት ዓመት ጡብ ደርድሮ፣ «ይህን የሠራው እሱ ነው» የሚባልለት አንድ ሕንፃ የለውም። ያን ትምህርት ቤት ካላገኘ ሌላ እንደማያገኝ ያውቃል።

ስለዚህ ይቆጣል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በደንብ ሳይነፋ ከቀረበ ይቆጣል። ኖራው ውሃ ጠጥቶ ሁለት ሳምንት ሳይከርም ከጉድጓዱ ከወጣ ይቆጣል። ጡቡ በርሜል ውስጥ ተነክሮ አረፋ መትፋቱን ሳይጨርስ ከመጣለት መልሶ ይወረውረዋል፤ ደረቅ ጡብ በዚህ ሙቀት የጭቃውን ውሃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋልና። ይህን ሁሉ የሚለየው በእጁ ዳሶ ነው። በክርና በውሃ ልክ የሚንቀረፈፉትን ወጣቶች፣ ባለሙያ በመዳፉ ነው የሚያውቀው እያለ ያሳፍራቸዋል። ሙሴ ኮስታም በየቅዳሜው ግድግዳውን ለክቶ ቀጥ ማለቱን ይመሰክርለታል።

ያን ዓመት ደግሞ የሚያናድደው ነገር በዛ። ፀሐይዋ ከአምናው ብሳለች። ከሱቅ የሚመጣው ሲባጎ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥኗል። አዲስ አበባ ያለው ልጁ የሚጽፈው ፊደል ከጉንዳን አንሶ፣ ደብዳቤው በመጣ ቁጥር ለሚስቱ ለወይንሸት ወርውሮ አንቺው አንብቢው ይላታል።

ቀትር ላይ ድሬዳዋ ሥራ የለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ዕቃውን አጥቦ ይበተናል፤ ገሚሱ ወደ ቤቱ፣ ገሚሱ ጫቱን ይዞ ወደ ጥላው። የሚመለሱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። አንድ ቀን ክፍሌ ከምሳ ተመልሶ ጠዋት የገነባው ማዕዘን ላይ እጁን ቢያሳርፍ መዳፉ ረጠበ። የጠዋት ጭቃ እስከዚያ ሰዓት እንደ ዳቦ ቅርፊት መድረቅ ነበረበት። ወደ ላይ ወደ ታች ዳበሰ። ስምንት ጡቦች ዙሪያቸው ትኩስ ጭቃ ነው። አንድ ሰው አውልቆ መልሷቸዋል።

ሠራተኛውን ሰብስቦ ማን እንደነካው ጠየቀ። ማንም አልነካሁም አለ። ኖራ የሚያቦካው ኢድል ብቻ ዝም ማለት አቃተው።

«አቦ ጋሽ ክፍሌ፣ ጅኒ ነው የሚሆነው። እሱም ሥራ ፈትቶ ይሆናል።»

ሁሉም ሳቁ። ክፍሌ ወደ ማዕዘኑ ተመለሰ።

በማግስቱም ረጠበ፣ በሦስተኛውም ቀን። የሌሎቹ ግድግዳ ደረቅ ነው፤ የሚረጥበው የእሱ ብቻ ነው። ክፍሌ ነገሩ ገባው። ማዕዘኑን እየነቀነቁ፣ አንድ ቅዳሜ በሙሴ ኮስታ ፊት እንዲዋረድ ነው። ማን እንደሆነም ለመገመት አልተቸገረም። ኑርቶ የሚባል የመጋላ ሰፈር ሽማግሌ ግንበኛ አለ፤ ዋና ግንበኛነቱ ለእሱ ይገባ ነበር ብለው አንዳንዶች የሚያወሩለት። ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው እሱ፣ ቀትር ላይም ቤቱ የማይሄደው እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ክፍሌ የሄደ መስሎ ከኖራው ጉድጓድ ጀርባ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ የግንበኛ ማንኪያ እጀታ ጡብ ሲመታ ተሰማው፤ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ። ተነሥቶ ሄደና ሰውየውን በሸሚዙ ያዘው።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ የኑርቶ ድምፅ።

ክፍሌ እስከዚያች ሰዓት አንቱ ይለው የነበረውን ሽማግሌ አንተ አለው። ጡቤን የምታወልቀው ምን በድዬህ ነው አለው። ሌላም ብዙ አለው፤ ግማሹ የሚጻፍ አይደለም። ኑርቶ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለ በመጨረሻ። «አሁንም አልናገርም።»

«እኔ ግን እናገራለሁ» አለ ክፍሌ።

በዘጠኝ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ከሙሴ ኮስታ ፊት አቆመው። ወይ እሱ ወይ እኔ አለ። መሐንዲሱ ሽማግሌውን እውነት እንደሆነ ጠየቀው። ኑርቶ ክፍሌን ረዘም አድርጎ ተመለከተውና፣ ጡቦቹን ያወለቀው እሱ መሆኑን ብቻ አመነ። ወዲያው ከሥራው ተሰናበተ። ማንኪያውን አጥቦ፣ በሽርጡ ጠቅልሎ፣ ደቻቱን ተሻግሮ ሄደ። 

ከዚያ በኋላ ክፍሌ የምሥራቁን ግድግዳ ለብቻው ያዘው። ጡቡን እያጠላለፈ፣ አንዱ መጋጠሚያ በሌላው ላይ እንዳይውል እየተጠነቀቀ፣ ማንም ሳይጠጋበት በአሥራ ሁለት ቀን ጣሪያ አደረሰው። በየዘጠኝ ሰዓቱ ይዳብሰዋል፤ ደረቅ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳይቆጣ የዋለው በእነዚያ ቀናት ነበር። ለወይንሸትም ስለ ትምህርት ቤቱ ማዕዘኖች ያወራላት ጀመር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሰንብቶ የነበረው ሙሴ ኮስታ መጣ። ወደ መወጣጫው ወጥቶ ቱንቢውን፣ ያን እርሳስ የተንጠለጠለበትን ክር፣ ከግድግዳው ጫፍ ቁልቁል ለቀቀው። ከዚያ ወርዶ ሥሩ ቁጢጥ አለና ብዙ ቆየ። በክሩና በግድግዳው መሠረት መካከል ሙሉ ጭብጡን አስገባ። ገባለት። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ተጠግተው አዩ።

«ክፍሌ፣ ና እስቲ ራስህ እየው» አለ መሐንዲሱ።

ክፍሌ ድምፁን ተከትሎ መጣ። ክሩ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ርቆ ተንጠልጥሏል። ጠበቀ።  የጥንቱ ቁጣው ተመልሶ ግንባሩን ቋጠረው።

«ሙሴ፣ ቱንቢውን ሳይሰቅሉ ምኑን ልይልዎት?»