ከወዲያ በኩል ያለው ዓሣ

«አሁንስ? አሁን እንዴት ነኝ?» ይላል ልብስ ሰፊው፣ ከአንድ ትልቅ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ወዲያ ቆሞ ጉንጩን እየነፋ።

«ወፍራም ዓሣ ነህ» ትለዋለች ሚስቱ ከወዲህ ሆና፣ መዳፏን ፕላስቲኩ ላይ አሳርፋ። «ያውም ጢም ያለው።»

ይዋኛል እንግዲህ። ክርኖቹን ከጎኑ አጣብቆ መዳፎቹን ያርገበግባል፣ አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል፣ በጎን በጎኑ ፕላስቲኩን እየታከከ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሜትሩ እንደ ወትሮው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌ ሰው፣ በሰው ሱቅ ውስጥ። ሻጯ ከባንኮኒው ጀርባ አፏን በእጇ ይዛ ሳቋን ታፍናለች፤ እሱ እቴ፣ ነገር ዓለሙን ትቶ ዓሣ ሆኗል።

ሱቁ ረጅምና ጠባብ ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ ወተት የመሰለው፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ጥርት ያሉት። የጠዋቷ ፀሐይ በሰማያዊው አልፋ ወለሉ ላይ ስታርፍ ውሃ የፈሰሰ ይመስላል። ሚስቱ ስትገባ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ነው የተሻገረችው፤ ውሃ መስሏት ይሁን ደስ ብሏት፣ እሱ አልጠየቃትም።

ዓይኗ እየሄደ ነው። ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ አሁን በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ቀርቷታል። ይህችስ እስከ መቼ ትቆያለች ቢሉት ሐኪሙ እጆቹን ዘረጋ። ልብስ ሰፊውም እዚያው የሐኪሙ በር ላይ፣ የዓሣ ገንዳ ልሥራልሽ አላት። ከአልጋዋ አጠገብ፣ ተጋድማ ስታይ ከዓይኗ ትይዩ የሚሆን፣ ቀይና ብጫ ዓሦች የሚመላለሱበት። የሚያየው ያማረ ነገር ካገኘ ዓይንም ለመሄድ ያመነታል የሚል የሞኝ ተስፋ ይዞታል። ለማንም አልተናገረውም።

«ጋሼ፣ ትክክለኛው እሱ ነው» ትላለች ሻጯ ሳቋን ውጣ። «አክሪሊክ ይባላል። ከመስታወት ይልቅ የጠራ ነው፣ ውሃ ቢሞሉት ንቅንቅ አይልም።»

በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ይዞ ጠርዙን ያሻል፤ የለመደበት ነው። «ካፖርት ነው ይኼ» ይላል። «ያኛውስ?»

«ያ ስስ ነው። ለማስታወቂያ ነው የሚወስዱት። ውሃ ሲሞላበት ሆዱ ይነፋል፣ መጋጠሚያው ይለቅብዎታል።»

«ሸሚዝ ነው በይኛ። ካፖርቱን ስጪኝ።»

«ቆይ እስቲ» ትላለች ሚስቱ። «ሸሚዙንም ልየው።»

ሻጯ ስሱን ጎትታ ታቆምላቸዋለች፤ ጫፉ እየተወዛወዘ ዝግ ያለ ድምፅ ያሰማል። ልብስ ሰፊው ተመልሶ ከጀርባው ይገባል። ይህኛው ትንሽ ስለሚለመጥ ሚስቱ በውስጡ ረዘም፣ አጠር፣ ደግሞ ረዘም ትላለች፤ ልክ በመጀመሪያው የትዳር ዓመታቸው በሕልሙ ትታየው እንደነበረው። ይዋኛል። ክርኑ ፕላስቲኩን ነካ ያደርገዋል፣ የጃኬቱ ቁልፍ ይፍቀዋል። የሚስቁበትን ቃል ይጠብቃል። ቀና ይላል።

ዓይኗን ጨፍናለች። ሁለቱን መዳፎቿን ፕላስቲኩ ላይ ለጥፋ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ ቆማለች። እሱም ባለበት ይደርቃል።

«ለምን ቆምክ?» ትለዋለች።

«መቆሜን እንዴት አወቅሽ?»

«ፕላስቲኩ መንቀጥቀጡን ተወዋ።»

«አንቺ ሴት፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የምትመርጪው?»

«ታዲያ በምኔ ልምረጥ? ዓይኔማ እንግዳ ነው፣ ዛሬ ነገ ይነሳል። ከእኔ ጋር የሚከርመው እጄ ነው።» ድምፅዋ ስለ አየሩ ሁኔታ የምታወራ ያህል የተረጋጋ ነው። «በወፍራሙ ስትዋኝ ምንም አልተሰማኝም፤ ግድግዳ ነው። በዚህኛው ጅራትህ ሳይቀር እዚህ ይደርሳል።» መዳፏን ገልብጣ ታሳየዋለች።

ሌላ ሐኪም አለ፣ ተስፋ አይቆረጥም፣ ምን በወጣሽ ሊላት አፉን ይከፍታል። ግን ፊቷን ያያል። ያዘነ ፊት ቢሆን ያባብለው ነበር፤ እሷ ግን አላዘነችም። የዓይኗን መሄድ ገና ያልተቀበለው እሱ ነው እንጂ፣ እሷ ከተቀበለች ሰንብታለች። ብቻዋን መክረሟ ነው ያመመው።

ወደ ሻጯ ይዞራል። «ቁመቱን ባሳጥረውስ? ውሃው ጥልቀት ባይኖረው?»

ሻጯም መሳቋን ትታለች። «እሱማ ይሆናል፣ ጋሼ። ውሃ የሚገፋው እንደ ጥልቀቱ ነው። ከአንድ ስንዝር ካላለፈ ይሸከማል። ርዝመቱን ግን እንደ ልብዎ ያድርጉት።»

ሜትሩን ከአንገቱ ያወርዳል። አስቦት የመጣውን ልኬት ይተወዋል። «ክንድሽን ዘርጊ» ይላታል፤ ከትከሻዋ እስከ ጣቷ ጫፍ ይለካታል።

«እጅጌ ልትሰፋልኝ ነው?»

«አትንቀሳቀሺ፣ ታበላሺብኛለሽ» ይላል። አፍንጫውን በጃኬቱ እጅጌ ይጠርጋል። «ክዳን አልሠራለትም። ከፈለግሽ እጅሽን መክተት ትችያለሽ።»

ቤት ወስጄ እቆርጠዋለሁ ብሎ ሙሉውን ይገዛል። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ይይዙታል። ስሱ ፕላስቲክ በሁለቱ መሃል ረግቦ ቀስ እያለ ይወዛወዛል፤ ሰማያዊውን ብርሃን አቋርጠው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ከበሩ ውጪ አንድ ደረጃ አለ። ተጠንቀቂ ሊላት ዞር ሲል፣ ዓይኗን እንደ ጨፈነች እየተከተለችው ነው።

ፊቱን ወደ መንገዱ ይመልሳል። እግሩን ረጋ አድርጎ ያወርዳል፣ ፕላስቲኩም በእሱ በኩል ዝቅ ይላል። ደረጃው ጋ ስትደርስ እግሯ አያመነታም፤ ልክ እሱ ከወረደበት ትወርዳለች።