ቁጥር ሁለት ማሊያ

«ቁጥር አንድ፣ ሺኖዳ!» ብሎ ይጠራል አሰልጣኝ ኢሶጋይ።

ሺኖዳ ተነስቶ ይመጣል። አምበል ነኝና የታጠፈውን ማሊያ በሁለት እጄ እሰጠዋለሁ፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ ይላል። ቀና ሲል ፊቱ በእንባ ርሷል። መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ነው፤ ግን ማንም አይስቅበትም። በጨዋታ ዋዜማ ማሊያ ሲታደል ማልቀስ በእኛ ዘንድ እንደ ሰላምታ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የመጨረሻችን ነው። የወረቀት ፋብሪካው አምሳ ስምንት ዓመት ያቆየውን የራግቢ ክለብ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ዘግቶታል። ነገ እንጫወታለን፤ ሰኞ ሁላችንም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ማሽኑ ፊት እንቆማለን።

ቀጥሎ ኔሞቶ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስክረም ውስጥ ከጎኔ የገባ ሰው። ስምንት ለስምንት ሆነን፣ ተቃቅፈንና አጎንብሰን ስንገፋፋ እሱ መሃል ነው፤ ቀኝ እጁ ጀርባዬ ላይ ማሊያዬን ጨምድዶ ይይዛል። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ያ እጅ ለቀቀኝ። ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም፤ ሊያውቅም አይችልም፣ ጀርባው የእኔ ነው።

ከአንድ ሰዓት በፊት ጫማ ማጠቢያው ጋ ለብቻው አገኘሁት።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«መቼ ሐኪም ጋ ሄድኩ?»

«ኔሞቶ።»

ፈገግ አለ። «እጅህን ያደነዘዘው አንገትህ ነው፤ አንዴ ከታጠፈ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ትቀራለህ አለኝ። ሐኪም ምን ያውቃል! ያንተን ስክረም ያጨማደደውን ጆሮ ቢያይ እኮ ሬሳ ነህ ነው የሚልህ።»

«ቀልዱን ተወው። ለኢሶጋይ እነግረዋለሁ።»

«ንገረው! ከዛ ነገ ከሚስቴ ጋር ቁጭ ብዬ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ እናንተ ስትሞቱ ልያችሁ?» ጫማውን ከቧንቧው ስር አወጣ። «ቀኝ እጄ ነው እንጂ ግራው ደህና ነው። የአንድ ጨዋታ ሰማንያ ደቂቃ ነው የለመንኩህ። አንተ ብትሆን እኔ አሳብቅብህ ነበር?»

አያሳብቅብኝም ነበር። ግን አፌን የዘጋው ይህ ብቻ ነው ብል ውሸታም ነኝ። ክለቡ መሞቱ ካልቀረ፣ ከሞቱ አሟሟቱ ብዬ፣ የመጨረሻውን ስክረም ከኔሞቶ ጋር መግፋት ፈለግኩ። ተቀያሪው ጎበዝ ነው፤ እሱ ግን ኔሞቶ አይደለም። ወደ አዳራሹ ስንገባ ኢሶጋይ በር ላይ ያዝ አደረገኝና፣ አምበል ስለሆንኩ፣ «ሁሉም ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ውሸቱ እንዲያ በቀላሉ ከአፌ መውጣቱ አሁንም ራሴን ያስጠላኛል።

«ቁጥር ሁለት፣ ኔሞቶ!»

ይመጣል። ማሊያውን እዘረጋለታለሁ። ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ይቀበላል፤ እኔ እለቃለሁ፤ ማሊያው በእጆቹ መሃል ሾልኮ ወለሉ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ከኋላ አንዱ ሲንሰቀሰቅ ይሰማል፣ ሌላው ማጨብጨብ ይጀምራል፣ ሁሉም ይከተሉታል። «አይዞህ ኔሞቶ! አይዞህ ወንድሜ!» ይላል ሺኖዳ። ሆድ ብሶት እጁ የተንቀጠቀጠ መስሏቸዋል። ኢሶጋይ እንኳ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል።

የኔሞቶ ዓይን ግን ደረቅ ነው። ግራ እጁን ያየዋል። ደህና ነው ያለኝን እጅ። ዋሽቶኝ ይሁን ወይስ አሁን ገና ጀምሮት፣ ከፊቱ ማወቅ አልቻልኩም።

አሁን ተናገር፣ እላለሁ በልቤ። አፌን እከፍታለሁ፤ ጭብጨባው ይብሳል፤ መልሼ እዘጋዋለሁ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ጎንበስ ብዬ ማሊያውን አነሳለሁ፣ መዳፎቹ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፌ እዘጋቸዋለሁ። ቀዝቃዛ ናቸው።

«ያዝልኝ» ይለኛል፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ።

«ቁጥር ሦስት!» ይላል ኢሶጋይ፣ መነጽሩን መልሶ እያደረገ። «አምበላችን፣ ኡሱይ!»

የእኔ ማሊያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እኔ ግን የኔሞቶን ሁለት እጆች በሁለት እጄ ጨብጬ ቆሜያለሁ። ብለቃቸው ማሊያው ዳግም ይወድቃል። ኢሶጋይ ስሜን እንደገና ይጠራል።