አዙኪ ከገደሉ ኋላ

ቴትሱጂ ለልጁ የውኃ እንሽላሊቶች ፎም ጠርቦ፣ በሲሚንቶ ለብጦ፣ የወንዝ ዳር ገደል የሚመስል ነገር ሠራና በመስታወት ገንዳቸው ውስጥ ከኋላ በኩል አቆመላቸው። ቸኩሎ ግን ጥጉን ሳይደፍነው ቀረ። አዙኪ የምትባለው እንሽላሊት በዚያው ሾልካ ከገደሉ ኋላ ተቀርቅራ ሞተች። ልጁ ቺናትሱ ትምህርት ቤት ሳለች አውጥቶ ጓሮ ከሻይ ቁጥቋጦው ሥር ቀበራት፤ የምትመስላትን ገዝቶ ተካና ክፍተቱን በሲሊኮን ደፈነው።

ቺናትሱ አዲሲቱን ገልብጣ ቀይ ሆዷን አየች።

"አባዬ፣ አዙኪ እኮ ሆዷ ላይ ማጭድ የሚመስል ጥቁር ምልክት ነበራት።"

"ሲያድጉ ይለዋወጣል" አላት።

"እሺ። ገደሉን ስለሠራህላቸው አመሰግናለሁ" ብላ ጎንበስ አለችለት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ከዚያ ወዲህ ቺናትሱ ስትመግባቸው አንድ ትል ለይታ ገደሉ አናት ላይ ታስቀምጣለች።

"የአዙኪ ነው። ስጠራት ከኋላ ትቧጥጣለች።"

"አንቺ ደሞ! ከኋላ ማን አለ?"

"ሂድና እያታ።"

ኀፍረቱን በሳቅ ሸፍኖ ገንዳውን ፈቀቅ አደረገና ከኋላው አጎነበሰ። ማጭድ ያለበት ቀይ ሆድ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ከፍ ዝቅ ይላል። በእንሽላሊቷ ጣቶች መሃል የጓሮው አፈር አለ።

ቺናትሱ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"አፈሩ ከየት መጣ፣ አባዬ?"