የወባ መድኃኒት ረጪዎቹን የመለሰ ቃል

ራቢያ ዐረብ አገር፣ ሳልሚያ በሚባል ሰፈር፣ በአሠሪዋ በማዳም ወጥ ቤት ከገበያ የመጣውን ዕቃ በክሎሪን እየወለወለች ሳለ፣ ወንድሟ ሙሔ ከወሎ ደወለላት።

"ልጅሽን ወባ ጥሏት ነበር። ዛሬ ከጤና ጣቢያ አወጣናት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች።"

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ባለፈው ወር የወባ መድኃኒት ረጪዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ "ኮሮና ይዘውብሽ ይመጣሉ፤ ማንንም እንዳታስገቢ!" ብላ ልጇን የምታሳድግላትን እናቷን በስልክ ያስጠነቀቀችው ራሷ ነበረች። ከመንደሩ ሳይረጭ የቀረው የእነሱ ቤት ብቻ ነበር።

"እኔ ነኝ ያስያዝኳት" አለች።

"ይልቅ ስሚኝ። ረጪዎቹ ተመልሰው መጥተዋል። እማ ግን 'ራቢያ ሳትፈቅድ አላስገባም' ብላ ደጅ አቁማቸዋለች።"

"አስገቧቸው" ለማለት አፏን ከፈተች፤ ሳግ ቀደማት። ሙሔ፣ "ምን ልበላት?" እያለ ደጋግሞ ሲጠይቃት፣ "አስገቢያቸው በላት" አለችው።